ሃይስኩል ሳይጨርሱ የመዝናኛ ፓርክ ሥራ መጀመር፦ ከአፕሊኬሽኑ እስከ ታክሱ

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ከገባችሁ ብዙም ላልቆያችሁ፣ 10ኛ፣ 11ኛ ወይም 12ኛ ክፍል ላይ ላላችሁ ልጆች ነው። ወላጆችም አብራችሁ ብታነቡት ጥሩ ነው፤ ፊርማችሁም መኪናችሁም መፈለጉ አይቀርም። ምሳሌዎቼ በብዛት ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ናቸው። ሌላ ቦታ ላላችሁም አካሄዱ ያው ነው፣ የየስቴቱ ሕግ ነው የሚለያየው። ሰዓቱን ሁሉ የጻፍኩት በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

የመዝናኛ ፓርክ ሥራ ለጀማሪ ይመቻል። ልምድ አይጠይቁም። ሰመር ከመድረሱ በፊት ሰው በብዛት ስለሚቀጥሩ ዕድሉ ሰፊ ነው፣ አብሯችሁ የሚሠራውም አብዛኛው እኩያችሁ ነው። እንግሊዝኛው ገና ላልተፍታታለት ልጅ ደግሞ ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ አፉን ሳይከፍት የሚውለው እዚያ ሳይወድ በግዱ ያወራል። መጥፎ ጎኑም አለ። ቀኑን ሙሉ መቆም ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ዝናብ ከመጣ ሺፍቱ ይቆረጥና በጊዜ ወደ ቤት ሂዱ ትባላላችሁ፤ ያልተሠራበት ሰዓት ደግሞ አይከፈልም። ይሄ ሁሉ ይለመዳል። ልጆች ሥራውን ጥለው ሲወጡ የማየው በአብዛኛው ሰዓት ተጋጭቶባቸው ነው፤ ፈተናው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ግራጁዌሽኑ፣ የአገር ቤት ጉዞው ከሺፍቱ ጋር ሲላተም አንዱን መጣል ግድ ይሆናል። ስለዚህ ከታች ካለው ሁሉ ሰዓትን የሚመለከተውን ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

1. መንገዱን አስሉ

ፓርኩን ከመምረጣችሁ በፊት እንዴት እንደምትደርሱ አስቡ። ቦዊ፣ ሜሪላንድ የነበረው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ ኖቬምበር 2 ቀን 2025 ተዘግቷል። ብዙ የዲሲ አካባቢ ልጅ ሥራ የሚጀምርበት ቦታ ስለነበር አሁንም «እዚያ አፕላይ አድርጉ» የሚል የቆየ ምክር ትሰሙ ይሆናል። አሁን የሚቀርበው ትልቅ ፓርክ ቨርጂኒያ፣ ዶስዌል ያለው ኪንግስ ዶሚኒየን ነው፤ ከአይ-95 አውራ ጎዳና በኤግዚት 98 ነው የሚወጣው። ሪችመንድ ላለ ልጅ ቅርብ ነው። አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ ግን መንገዱ ባዶ ቢሆን እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይነዳል፣ መንገዱ ደግሞ በሰመር ቅዳሜ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ለስድስት ሰዓት ሺፍት ሦስትና አራት ሰዓት መኪና ውስጥ መዋል ለእኔ አይታየኝም፤ ቤንዚኑ ሲቀነስ የሚተርፈው ገንዘብ ያሳዝናል።

ትልቅ ስም ካልፈለጋችሁ ግን በየሰፈሩ አለ። ካውንቲዎችና የሕዝብ ፓርክ ድርጅቶች የሚያስተዳድሯቸውን ቦታዎች እዩ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ካሜረን ራን ላይ ግሬት ዌቭስ አለ፣ አርሊንግተን አፕተን ሂል ላይ ኦሽን ዱንስ አለ፣ ሬስተን ሌክ ፌርፋክስ ውስጥ ዋተር ማይን አለ። ሜሪላንድ ያላችሁ የዊተን ሪጅናል ፓርክን ትንሿን ባቡርና ካሩሰል ታውቋቸዋላችሁ፣ እነሱም ወቅታዊ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ሥራው ያው ነው፦ ትኬት መቁረጥ፣ ላይፍጋርድነት፣ ምግብ መሸጥ፣ መጫወቻ ማንቀሳቀስ።

ዴንቨር ያላችሁ ታድላችኋል፤ ኤሊች ጋርደንስ በስሙ የተሰየመ የባቡር ጣቢያ አለው። ዳላስ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ ሲክስ ፍላግስ ኦቨር ቴክሳስ ያለበት የአርሊንግተን ከተማ መስመር ይዞ የሚመላለስ አውቶቡስ የለውም። መኪና ያለው ሰው ሳታገኙ አትፈርሙ።

ዋናው ችግር መመለሻው ነው። ፓርኩ 10 ሰዓት ማታ ቢዘጋ ዕቃ ሰብስባችሁ፣ ገንዘብ አስረክባችሁ እስክትወጡ ወደ 11 ይጠጋል። ጠዋት ያደረሳችሁ አውቶቡስ በዚያ ሰዓት ላይኖር ይችላል። አባባ ማታ ኡበር የሚነዱ ከሆነ ወይም እማማ ሌሊት ሆስፒታል የሚገቡ ከሆነ ማን እንደሚያመጣችሁ አሁኑኑ በቤት ውስጥ ተነጋገሩ። በየማታው «ዛሬ ማን ይመጣል?» እያሉ መደዋወል ሦስተኛ ሳምንት ላይ ጠብ ያመጣል።

2. ካሌንደራችሁን ከአፕሊኬሽኑ በፊት ሙሉ

አፕሊኬሽኑ ላይ «አቬይለቢሊቲ» የሚል ቦታ አለ። በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት መሥራት እንደምትችሉ የምትሞሉበት ማለት ነው። አብዛኛው ልጅ ይህን በግማሽ ደቂቃ ሞልቶ ያልፋል፣ የሐበሻ ልጅ ደግሞ ይሉኝታ ይዞት ሁሉንም ቀን «እችላለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ሺፍቱን የሚያወጣው ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተር ይሉኝታ አያውቅም፤ እሑድ ጠዋት እችላለሁ ካላችሁ እሑድ ጠዋት ይመድባችኋል።

ስለዚህ ወረቀት አውጡና ከማርች እስከ ኦክቶበር ያለውን ጻፉ። ፓርኮች በአብዛኛው በጸደይ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይከፍታሉ፣ ከሜሞሪያል ዴይ (የሜይ መጨረሻ) አካባቢ ጀምሮ በየቀኑ ይሆናሉ፣ ከሌበር ዴይ (የሴፕቴምበር መጀመሪያ) በኋላ ወደ ቅዳሜና እሑድ ይመለሳሉ። በዚህ ላይ የራሳችሁን ደርቡበት።

ኤፒ ፈተና፣ ማለትም በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጡት የሃይስኩል ትምህርቶች ፈተና፣ በሜይ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። ቨርጂኒያ ያላችሁ ኤስኦኤል የሚባለው የስቴቱ ፈተናም በዚያው ሰሞን ይመጣል። 12ኛ ክፍል ከሆናችሁ ፕሮምና ግራጁዌሽን አለ፤ የግራጁዌሽኑን ቀን ብቻ ሳይሆን ልምምዱንም ጻፉ፣ ልምምድ ካልመጣ ተማሪ ጋር ብዙ ትምህርት ቤት ይጣላል። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል፤ በ2027 ሜይ 2 ላይ ይውላል፣ ኤፒ ፈተና ደጃፍ ላይ ማለት ነው። ያን ሰሞን ሌሊቱን ቅዳሴ ቆማችሁ፣ በማግስቱ ፓርክ ውላችሁ፣ ሰኞ ፈተና መግባት አይሆንም፣ አትሞክሩት። ሙስሊም ከሆናችሁ የዒድ ቀናትንና የጁምዓ ሰላት ሰዓትን ከአሁኑ ጻፉ፤ ዓርብ ከሰዓትን ሙሉ ከመዝጋት ይልቅ የሰላቱን ሰዓት ብቻ ነጥሎ መጠየቅ ቶሎ ይፈቀዳል።

ከዚያ የጁላይ 4 ሳምንት አለ። በዚያ ሰሞን የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን ዓመታዊ ውድድር ስለሚካሄድ ቤተሰቡ ተጠራርቶ ወደ አንዱ ከተማ ይነቀላል። ለፓርኩ ደግሞ ከዓመቱ ሁሉ ሰው የሚጎርፍበት ሳምንት ነው። ብዙ ቦታ በዚያ ሰሞን ፈቃድ ጭራሽ አይሰጥም። ኳሱን ማየት ካለባችሁ ሳትቀጠሩ ተናገሩ።

የአገር ቤት ጉዞም እንዲሁ። ቤተሰባችሁ ሰመር ላይ ለአምስትና ስድስት ሳምንት አዲስ አበባ የመሄድ ሐሳብ ካለው ቲኬት ተቆርጦ እስኪያልቅ አትጠብቁ። «ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት መጨረሻ አልኖርም» ብላችሁ ብትናገሩ አንዳንዱ ፓርክ አይቀጥራችሁም፣ ይሄ እውነት ነው። ግን በጸደይና ከሌበር ዴይ በኋላ ቅዳሜና እሑድ ሰው አጥቶ የሚጨነቅ ፓርክ ብዙ ስለሆነ «እሺ» የሚላችሁም አይጠፋም።

ፈቃድ ከመቀጠር በፊት ሲጠየቅ መረጃ ነው፣ ከተቀጠሩ በኋላ ሲጠየቅ ውለታ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ነው በዚህ ክፍል ይህን ያህል የቆየሁት።

3. ወረቀቶቹን አዘጋጁ

የምትቀጠሩ ቀን «አይ-ናይን» የሚባል ፎርም ትሞላላችሁ። አሜሪካ ውስጥ መሥራት እንደምትችሉ ማረጋገጫ ነው። የራሳችሁን ክፍል እስከ መጀመሪያው የሥራ ቀን መሙላት አለባችሁ፣ ሰነዱን ደግሞ ሥራ በጀመራችሁ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ታሳያላችሁ። ግሪን ካርድ ካላችሁ እሱ ብቻውን ይበቃል። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለውም እንዲሁ። እነዚህ ከሌሉ ፎቶ ያለው የትምህርት ቤት መታወቂያ ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ጋር ይሆናል። የትኛውን ሰነድ እንደምታሳዩ ከተፈቀደው ዝርዝር የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ቀጣሪው «የግድ ግሪን ካርድ አምጡ» ማለት አይችልም።

ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዳችሁን ገልብጣችሁ ሳይሆን ፊቱን በደንብ አንብቡት። «ከዲኤችኤስ (የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ፈቃድ ጋር ብቻ ለሥራ የሚያገለግል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለበት ለዚህ ፎርም ብቻውን አያገለግልም፣ የሥራ ፈቃድ ካርዱን ማሳየት ያስፈልጋል። የቤተሰባችሁ የጥገኝነት ጉዳይ ገና በሂደት ላይ ከሆነ የሥራ ፈቃዱ እጃችሁ እስኪገባ ጠብቁ። በጥሬ ገንዘብ ይከፍላሉ የሚባል ቦታ ሄዶ መሥራት ኋላ ጉዳዩን ሊያበላሽ ይችላል፤ ጠበቃ ካላችሁ ጠይቁ።

አሁን የእኛ ሰው የሚቸገርበት ነገር፦ ስምና ልደት። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም መጨረሻ ስም ሆኗል፣ ሌላው ላይ የአያት ስም። አንዱ ላይ «ፀሐይ» በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፏል፣ ትምህርት ቤቱ በሌላ ጽፎታል። አፕሊኬሽኑን ስትሞሉ ትምህርት ቤት በሚጠሯችሁ ሳይሆን ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ባለው ስም፣ ፊደል በፊደል ሙሉ። የልደት ቀንም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ ተዛብቶ የተመዘገበ ብዙ ልጅ አለ። ቀጣሪው የሚያየው ወረቀቱን ነው። እቤት 16 ሞልቷችሁ ወረቀቱ 15 ካለ ለእነሱ 15 ናችሁ፣ የሚመለከታችሁም የ15 ዓመት ልጅ ሕግ ነው።

የታዳጊ ሥራ ፈቃድ የሚባል ሌላ ወረቀትም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ ያስፈልገዋል፤ ኦንላይን ይሞላል፣ ወላጅና ቀጣሪ ይፈርሙበታል፣ ሥራ በቀየራችሁ ቁጥር አዲስ ይወጣል። ዲሲም ከ18 በታች ላሉት ይጠይቃል። ቨርጂኒያ የሚጠይቀው 14ና 15 ዓመት ለሆናቸው ብቻ ነው።

ባንክም ክፈቱ። ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ አብዛኛው ባንክ ወላጅ አብሮ እንዲፈርም ይፈልጋል፣ ስለዚህ ወላጅ ዕረፍት በሆነበት ቀን ያዙት።

4. ሕጉ ስንት ሰዓት እንደሚፈቅድ እወቁ

14ና 15 ዓመት ከሆናችሁ የፌዴራሉ ሕግ ጥብቅ ነው። በትምህርት ቀን ከ3 ሰዓት፣ በትምህርት ሳምንት ከ18 ሰዓት አይበልጥም። ትምህርት በሌለበት ቀን 8፣ በሌለበት ሳምንት 40 ነው። ከምሽቱ 7 ሰዓት በኋላ መሥራት አይቻልም፤ ከጁን 1 እስከ ሌበር ዴይ ብቻ እስከ 9 ይፈቀዳል።

ዕድሜያችሁ 16 ወይም 17 ከሆነ ፌዴራሉ በሰዓት አይገድባችሁም፣ ስቴቱ ግን ሊገድብ ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ ትምህርትና ሥራ ተደምሮ በቀን ከ12 ሰዓት አይበልጥም፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ትምህርትም ሥራም የሌለበት 8 ተከታታይ ሰዓት ሊኖራችሁ ይገባል፣ በየ5 ሰዓቱ ሥራ የግማሽ ሰዓት ዕረፍት አለ። ስድስት ሰዓት ተኩል ክፍል ከተቀመጣችሁ ለሥራ የሚቀረው አምስት ሰዓት ተኩል ነው፣ በዚያ ላይ የቤት ሥራ። ማናጀሩ ይህን ሁልጊዜ ያስታውሳል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ስኬጁሉን እናንተ ቁጠሩ፣ ካለፈ በጨዋ ቴክስት አሳውቁ።

ደመወዙን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በዓመት ከሰባት ወር ያልበለጠ የሚከፍት የመዝናኛ ቦታ ከፌዴራሉ የዝቅተኛ ደመወዝና የኦቨርታይም ሕግ ነፃ ሊሆን ይችላል። በሳምንት 50 ሰዓት ሠርታችሁ ኦቨርታይሙ አልታየም ብላችሁ ብትጮኹ «ሕጉ እኛን አይመለከትም» ልትባሉ ትችላላችሁ። የስቴት ሕግ ደግሞ ለብቻው አለ። የሜሪላንድ ዝቅተኛ ደመወዝ 15 ዶላር ነው፣ ከ18 በታች ላለ ሠራተኛ ግን የዚህን 85 ከመቶ፣ ማለትም 12 ዶላር ከ75 ሳንቲም መክፈል ይፈቀዳል። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 12 ዶላር ከ77 ነው፣ እዚያም ለአንዳንድ ታዳጊ ተማሪዎች ልዩ ሁኔታ አለ። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ በሰዓት ስንት ነው? ከ40 ሰዓት በላይ ብሠራ እንዴት ይታሰባል? መጠየቅ ነውር አይደለም። ሁሉም ይጠይቃል።

5. ክፍላችሁን ምረጡ

አፕሊኬሽኑ የት መሥራት እንደምትፈልጉ ይጠይቃል። «የትም» ብላችሁ አትሙሉ።

መጫወቻ ላይ መሥራት ሁሉም የሚፈልገው ነው። ከ16 በታች ለሆነ ሕጉ ማሽን ማንቀሳቀስ አይፈቅድም፣ ብዙ ፓርክ ደግሞ ለትልልቆቹ ሮለርኮስተሮች 18 ዓመት ይጠይቃል። እንግሊዝኛው የማይከብደው በማይክሮፎን የሚባለው ነገር በቃል የሚጠና ስለሆነ ነው። ጌም የሚባሉት፣ ኳስ ወርውረህ አሻንጉሊት ውሰድ የሚባልባቸው፣ ቀኑን ሙሉ መንገደኛ መጥራት ይጠይቃሉ። መርካቶ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ደንበኛ ሲጠራ ላደገ ልጅ ቀላል ነው፣ ዓይናፋር ለሆነ ስቃይ ነው። ምግብ ቤቱ ሁልጊዜ ሰው ይጎድለዋል፣ በቶሎ የምትቀጠሩት እዚያ ነው። ሙቀቱ ይከብዳል። ከ18 በታች ከሆናችሁ የሥጋ መቁረጫ ማሽን መንካትም ማጠብም በሕግ ክልክል ነው፣ ጽዳት ላይ ያላችሁም የቆሻሻ መጭመቂያውን ማሽን እንድታንቀሳቅሱ አይፈቀድም። «ዛሬ ብቻ» ብሎ የሚያዝዛችሁ ካለ አልችልም በሉ።

ላይፍጋርድ ለመሆን 15 ዓመት በቂ ነው፣ ሰርተፊኬት ግን ያስፈልጋል፤ ብዙ ቦታ ራሳቸው ያሠለጥናሉ። ከፍ ያለው የውኃ መንሸራተቻ ጫፍ ላይ ቆሞ ሰው መልቀቅ ግን ከ16 በታች ላለ አይፈቀድም። ዋና ሳትችሉ ሥልጠናው ላይ እማራለሁ ብላችሁ አትሂዱ፤ መጀመሪያ የሚፈትኑት ዋናውን ነው።

6. አፕላይ አድርጉ፣ ለኢንተርቪው ተዘጋጁ

ፌብሩዋሪና ማርች ጥሩ ጊዜ ነው። ሜይ ላይም ይቀጥራሉ፣ ጥሩ ጥሩው ክፍል ግን ያኔ አልቋል። ሁሉም ኦንላይን ነው። የሥራ ልምድ የሚለው ቦታ ባዶ አይቅር፦ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ጠብቃችኋል፣ በአጎታችሁ ሱቅ አግዛችኋል፣ ለወላጆቻችሁ ሐኪም ቤት አስተርጉማችኋል። ሦስተኛው በተለይ ይጻፍ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ መቻልም እንዲሁ፤ እንግሊዝኛ የማይችሉ አያት ልጅ ጠፍቶባቸው ሲመጡ ፓርኩ የሚፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ኢንተርቪው ብዙ ጊዜ አጭር ነው፣ አንዳንዴም በቡድን ነው። የሚጠየቁት ይታወቃል። ለምን እዚህ መሥራት ፈለግህ? የተቆጣ ደንበኛ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ? የማያረጅ መልስ አለ፦ ረጋ ብዬ አዳምጣለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ከአቅሜ በላይ ከሆነ ኃላፊዬን እጠራለሁ። ሌላው ነገር ዓይን ነው። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲያናግር አቀርቅሮ መስማት ጨዋነት ነው፤ እዚህ ግን በራሱ የማይተማመን ያስመስላል። ቀና ብላችሁ እያያችሁ መልሱ። ያልገባችሁ ጥያቄ ካለ እንዲደግሙላችሁ ጠይቁ፣ ገምቶ ከመመለስ ይሻላል።

ወላጆች፦ አድርሱና መኪና ውስጥ ጠብቁ። አብሮ መግባት ልጁን ይጎዳዋል።

ማተብ የምታስሩ ወይም ሒጃብ የምትለብሱ ሥራው ሲሰጣችሁ አንሱት። ቀጣሪ ለሃይማኖት አለባበስ ቦታ እንዲሰጥ ሕግ ያስገድዳል፣ ማሽን አጠገብ ግን የሚንጠለጠል ነገር አደጋ ስለሆነ ማተብ ከሸሚዝ ሥር እንዲገባ፣ ሻሽ እንዲጠበቅ ሊጠይቁ ይችላሉ። ተመጣጣኝ ጥያቄ ነው።

7. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ሥልጠናው ይከፈልበታል፣ በሰዓቱ ድረሱ። ጥቁር፣ የማያንሸራትት፣ የተራመዳችሁበት ጫማ ግዙ፤ አዲስ ጫማ አድርጎ ስምንት ሰዓት የቆመ ሰው እግር ማየት ያስጠላል። ውኃ በየሰዓቱ ጠጡ፣ ባይጠማችሁም። በፍልሰታ፣ ከኦገስት 7 እስከ 21፣ የምትጾሙ ከሆነ ፓርኩ ውስጥ የሚጾም ምግብ ከድንች ጥብስ ብዙም ስለማይዘል እቤት ቋጥሩ። እስከ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት (በአገር ቤት አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት) ውኃም ሳይቀምሱ የመዋል ልማድ ያላችሁ ግን በዚያ ሙቀት ፀሐይ ላይ ቆሞ አደጋ ስላለው ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ ወይም የማታ ሺፍት ጠይቁ።

መጫወቻ ላይ ከተመደባችሁ ሥራው በየሁለት ደቂቃው የሚደጋገም ፍተሻ ነው። ባቡሩ ይገባል፣ ሰው ይወርዳል፣ አዲሱ ይቀመጣል። በየወንበሩ እያለፋችሁ ጭን ላይ የሚወርደውን ብረት ወደ ታች ትገፋላችሁ፣ ወደ ላይ ትስባላችሁ፤ ቀበቶውን ሳብ ታደርጋላችሁ፤ እጅ ላይ የቀረ ስልክ፣ ኮፍያ ታያላችሁ። መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ቆማችሁ አውራ ጣት ታሳያላችሁ። ብዙ ሮለርኮስተር ላይ ሁለት ሰው በሁለት ቦታ ቁልፉን አንድ ላይ ካልተጫነ ባቡሩ አይነሳም። ሦስት መቶኛው ዙር ላይ እጃችሁ በልማድ ይሄዳል፣ ዓይናችሁ ሌላ ቦታ ይሆናል። ያኔ ነው መጠንቀቅ። የመጨረሻውን ወንበር እንደ መጀመሪያው ሳቡት።

የቁመት መለኪያው ሌላው የጠብ ምንጭ ነው። ልጁ አንድ ጣት ያጥረዋል፣ አባትየው አንድ ሰዓት ተሰልፏል፣ «ትናንት ፈቅደውለት ነበር» ይላል። መልሱ አንድ ነው፦ ይቅርታ፣ አልችልም። አትከራከሩ፣ ኃላፊ ጥሩ። ዘመድ ቢሆንም ያው ነው። የዘመድ ነገር ከተነሳ ደግሞ ነፃ ቲኬት እንደምታገኙ በተሰማ ማግስት ያላሰባችሁት የአክስት ልጅ ሁሉ ይደውላል። ቲኬቱን ለማን እንደምትሰጡ በልባችሁ ያዙ።

ገንዘብ ተቀባይ የሆናችሁ፣ የሚሰጣችሁን መሳቢያ ሳትቆጥሩ አትፈርሙ። ከኋላችሁ የቆመው ቢቸኩልም ቁጠሩ።

ስልክ በሥራ ላይ አውጥቶ መያዝ ከምንም በላይ ልጅ የሚያስባርር ነገር ነው። ሎከር ውስጥ ይቅር።

8. ትምህርት ሲከፈት

ኦገስት መጨረሻ ላይ ሰዓታችሁን መቀነስ አለባችሁ። ማናጀራችሁ ሳይጠይቅ እናንተ አዲስ አቬይለቢሊቲ ላኩ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት። ለአንድ ተማሪ በሳምንት ከ12 እስከ 15 ሰዓት ይበቃዋል ባይ ነኝ፣ እንግሊዝኛ ገና እየተማረ ላለ ልጅ ከዚያም ያንስ።

የ12ኛ ክፍል ልጆች፣ ኦክቶበርን ተጠንቀቁ። ፓርኮች የሃሎዊን ሰሞን ማታ ማታ ይሞላሉ፣ ተጨማሪ ሺፍት ውሰዱ እያሉ ይለምናሉ። በዚያው ወር ፋፍሳ (ለኮሌጅ የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ) ይከፈታል፣ የብዙ ዩኒቨርሲቲ የቅድሚያ ማመልከቻ ማብቂያ ደግሞ ኖቬምበር 1 ነው። ለማመልከቻው የሚጻፈውን ኤሴ ኦገስት ላይ ጽፋችሁ ካልጨረሳችሁ ኦክቶበር ላይ ሥራ ቀንሱ። ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ለምረቃ የሚያስፈልገው የ75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት በሚከፈልበት ሥራ አይሞላም፣ እሱን ለብቻው ያዙት።

መልቀቅ ከፈለጋችሁ የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ በጽሑፍ ስጡ። ዝም ብሎ መቅረት መዝገብ ላይ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሲስተሙ ይመልሳችኋል።

9. ቼክና ታክስ

የመጀመሪያው ቼክ ከጠበቃችሁት ያንሳል። በቨርጂኒያው ዝቅተኛ ደመወዝ 15 ሰዓት ብትሠሩ 191 ዶላር ከ55 ነው፤ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 ከመቶ ሲቆረጥ 177 ዶላር ገደማ ይቀራል። ይሄ ለሁሉም ይቆረጣል። የገቢ ታክሱ ግን ሌላ ነው። ስትቀጠሩ ከደመወዛችሁ ስንት ታክስ እንደሚቆረጥ የሚወስነውን «ደብሊው-ፎር» የሚባል ፎርም ትሞላላችሁ፤ ባለፈው ዓመት የፌዴራል ገቢ ታክስ ግዴታ ካልነበረባችሁና ዘንድሮም አይኖርብኝም ብላችሁ ካሰባችሁ ነፃ መሆናችሁን መሙላት ትችላላችሁ። ለአንድ ሰው ከታክስ ነፃ የሚደረገው መደበኛ ቅናሽ በ2025 15,750 ዶላር ነበር፣ የሰመር ሥራ እዚያ አይደርስም። ሳትሞሉ አልፋችሁ ከተቆረጠባችሁም አልጠፋም፤ በዓመቱ ታክስ ሞልታችሁ ታስመልሳላችሁ።

ለዚህ የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ታክስ የሚያሳየው «ደብሊው-ቱ» የሚባል ወረቀት ያስፈልጋል፣ ቀጣሪው እስከ ጃንዋሪ 31 መላክ አለበት። ከሰመር በኋላ ቤት የቀየራችሁ አድራሻችሁን ሥራ ከመልቀቃችሁ በፊት አስተካክሉ። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በነፃ የሚሞሉ የቪታ ጣቢያዎች በየቤተ መጻሕፍቱና በየማኅበረሰብ ማዕከሉ አሉ። ስትሞሉ «ሌላ ሰው እንደ ጥገኛ ሊያስመዘግበኝ ይችላል» የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጉባት። እሷን ትታችሁ ከላካችሁ አባባ ወይም እማማ እናንተን አስመዝግበው ኦንላይን ሲልኩ የእነሱ ተመልሶ ይመጣል፣ ተመላሻቸውም ይዘገያል።